ያልገጠመው ቀለበት

ወፉን «ባለልኳንዳው» የምንለው ሥጋ ስለሚሰቅል ነው። ከድንቢጥ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ጠዋት ሲዘምር የሰማው ሰው ክፉ አያስብበትም። ግን ፌንጣም እንሽላሊትም፣ ሲቀናው ትንሽ አይጥም ይገድላል። ጥፍሩ እንደ ጭልፊት ስለማይጠነክር የያዘውን በእሾህ ላይ ሰክቶ እየጎተተ ይበላል። ሰቅሎ ከጨረሰ በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ በካሜራ አንስቼዋለሁ። ሲሰካ ግን ሁልጊዜ ጀርባውን ይሰጠኛል።

ከአጎቴ ጋር የተደበቅነው በተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ሚዛን ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱን በጆንያ ሸፍነን ለካሜራዬ አንድ ቀዳዳ፣ ሩቁን ለሚያቀርበው የአጎቴ ባይናኩላር ሌላ ቀዳዳ ትተናል። ፊት ለፊት አሮጌ እሾሃማ ሽቦ የተዘረጋበት አጥር አለ። ሽቦው ላይ ቁጥቋጦ ተደግፎበታል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ አራት ጫጩቶች ያሉበት ጎጆ አለ። ላባ አብቅለዋል፤ መብረር ግን ገና ነው። ከሁሉም የከፋው ዕድሜ ይሄ ነው፤ ሰው ከቀረባቸው ደንግጠው ከጎጆው ይዘላሉ፤ መሬት የወረደ ጫጩት ደግሞ የድመት ቁርስ ነው። ስለዚህ እስኪበሩ ድረስ ወደ አጥሩ ላለመጠጋት ተስማምተናል።

አጎቴ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ወፎቹን ለመለየት በመረብ ይዘው እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት የሚያስሩትም እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው «ለአገሩ ወፍ ሁሉ ቀለበት ሲያስር፣ ለእኔ ሦስት ዓመት አስለመነኝ» ይላሉ።

«መጣ» አሉ አጎቴ በሹክሹክታ።

ባለልኳንዳው በምንቃሩ አይጥ አንጠልጥሎ ሽቦው ላይ አረፈ። የዚያን ቀን ግን ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። ትንፋሼን ያዝኩ። አይጧን ወደ ላይ አነሳት፤ ከሽቦው እሾህ ጋር አስተካከላት፤ ወደ ታች ሳባት። ካሜራዬ ተንጣጣ።

«ሰካ?»

«ሰካ፣ ጋሼ! ከነዓይኑ አገኘሁት!»

«ተመስገን። በይ አሁን እንኳ ወገቤን ላሳርፍ።»

ወፉ ክንፉን አርገበገበ። አልተነሳም። እንደገና አርገበገበ፤ ከዚያ ተገልብጦ በአንድ እግሩ ተንጠለጠለ።

«ምን ይጨፍራል? ጠገበ እንዴ?» አሉ።

«ተይዟል፣ ጋሼ።» ሌንሱን አቀረብኩ። «የእግሩ ቀለበት ሽቦው ላይ ተሰክቷል። የቀለበቱ አፍ አልገጠመም።»

«የኔ ቀለበት? አይሆንም። እኔ የዘጋሁት ፀጉር አያሳልፍም።»

የምሠራው ሆስፒታል ራጅ ክፍል ነው፤ ክፍተት የሌለበት ቦታ ክፍተት አላይም።

ሴቷ ወፍ አፏን በፌንጣ ሞልታ መጣችና ባሏን ስታይ ጮኻ ተመለሰች። ጫጩቶቹ ጎጆው ላይ ልጥፍ አሉ። ወፉ በተወራጨ ቁጥር እግሩ ይጠማዘዛል።

«ከተቀመጥን እግሩ ይሰበራል» አልኩ። «እሷ ብቻዋን አራት አፍ አትችልም።»

«ከሄድን ደግሞ አራቱም ይዘላሉ።»

አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው መዘኑት። «ጫጩቶቹ ጨለማ ካገኙ ጸጥ ይላሉ» አሉና ተነሡ።

«እኔ ልሂድ፤ ጉልበትዎ…»

«ያሰርኩት እኔ፣ የምፈታው እኔ። ፍቺ በወኪል አይሆንም።»

ጎንበስ ብለው ወጡ። በሌንሱ ተከተልኳቸው። አጥሩ ጋ ሲደርሱ አንደኛው ጫጩት የጎጆው ከንፈር ላይ ወጥቶ ክንፉን ዘረጋ። ባርኔጣው እሱንም ጎጆውንም ሸፈነ። አልዘለለም። በግራ እጃቸው ባርኔጣውን እንደያዙ በቀኛቸው ወፉን ጨበጡት።

ከዚያ በኋላ ምንም አልሆነም። የሰዓት ብሎን ሳይጥሉ የኖሩ ጣቶች ቀለበቱን ሲፈልጉ ይስቱታል። ፊታቸውን ወደ ወፉ አስጠጉ፤ መልሰው አራቁ። ወፉ ነከሳቸው፤ አልለቀቁትም። ሽቦው ተንቀጠቀጠ፤ ባርኔጣው ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ዞር ሳይሉ «ነይ» አሉ። «አይታየኝም።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ወጣሁ፤ ለመሮጥ የፈለገ እግሬን እየገታሁ ደረስኩ። ከሸሚዛቸው ኪስ ቀለበት የሚያስሩበትን ፒንሳ አወጣሁ። ወደ ታች ከተሳበ ይብስበታል፤ ወፉን በእጃቸው እንዳለ ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ቀለበቱን ከእሾሁ አላቀቅኩት። የቀለበቱ አፍ ጥፍሬን ያሳልፋል። በፒንሳው ይበልጥ ከፍቼ አወለቅኩት። እግሩን በጣቴ ዳሰስኩ፤ አብጧል እንጂ አጥንቱ ቀጥ ያለ ነው። ሲለቁት ዝቅ ብሎ በረረና ከፋብሪካው የጡብ ምድጃ ጀርባ ጠፋ።

«አንቺ ቅደሚ» አሉኝ፤ እጃቸው አሁንም ባርኔጣው ላይ ነው። ከሥሩ ያለው እንቅስቃሴ እስኪቆም ጠብቀው በጣም በዝግታ አነሱት። አንዱ ጫጩት ቆመ፤ ተራገፈ፤ መልሶ ተቀመጠ።

ሚዛን ቤቱ ውስጥ ሆነን ጠበቅን። ፌንጣ የያዘችው መጀመሪያ መጣች። እሱ ቆየ፤ ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ እግሩን አጥፎ ሽቦው ላይ አረፈ፤ ከሰቀለው አይጥ ቦጨቀና ወደ ጎጆው ገባ።

አጎቴ ባይናኩላራቸውን አላነሱም። «ጫጩቶቹ በሉ?»

«እየበሉ ነው።»

«ሴቷንስ አንስተሻታል? እግሯን አሳዪኝ።»

ፎቶውን አጎላሁላቸው። ካሜራውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ፤ መለሱልኝ።

«አንቺ ንገሪኝ።»

በቀለበቷ ሁለት ጫፎች መካከል ብርሃን ያልፋል። ደህና ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

«ክፍት ነው፣ ጋሼ።»

ግንባራቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው ያሰርኳቸው» አሉ።

«ልጆቹ እስኪበሩ እንጠብቅ?»

«ሽቦው ይጠብቃል?»

ሴቷ ከጎጆው ርቃ ፌንጣ የምታድነው አጥሩ የሚያልቅበት ጋ ነው፤ መረቡን እዚያ ብንዘረጋ ጫጩቶቹ አያዩንም። አጎቴ መረቡን ከቦርሳቸው አወጡት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር ክር ነው። ጫፉን ለማግኘት ጥቂት ዳበሱና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ጫፉን ፈልጊልኝ» አሉ። «እኔ እይዛታለሁ፤ አንቺ ትፈቺላታለሽ።»