ተነሳልህ?

ያን ቅዳሜ ኬሚስቱ ቤቱ መቀመጥ አቃተው። ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ ያስፈራዋል። ልጁ ደግሞ፣ «እማዬ ስታጣጥር ላብራቶሪ ብልቃጥ ታቅፎ ዋለ» ብላ አኩርፋ፣ ከቀብሩ በኋላ ድምፅዋን አላሰማችውም። ትናንት ግን በአክስቷ በኩል ላከችበት፦ «ነገ ረፋድ ላይ እደውላለሁ። ካላነሳ በቃ፣ ሁለተኛ አልደውልም በይው።»

እና ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስልኩን ይዞ ቤቱ አይጠብቅም? ወይ ፍንክች! «እየሠራሁ ልጠብቃት» ብሎ ላብራቶሪ ገባ። ስልክ እንደ ኤተር ያለ ቶሎ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አጠገብ አይያዝምና ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

ይህ ሥራ የውሃ ጠብታ አይወድም፤ ብልቃጡን በእሳት አደረቀ። የማግኒዚየም ፍቅፋቂ፣ ኤተርና አንዲት ፍሬ አዮዲን ጨመረ። ከዚያ ብሮማይድ የሚባለውን ፈሳሽ ትንሽ ጠብ አድርጎ፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደፍርሶ አረፋ እስኪያወጣ መጠበቅ ነው፤ «ተነሳ» የሚባለው ያኔ ነው። ሳይነሳ ሌላ አይጨመርም፤ የተጠራቀመው ባንዴ ይገነፍላል፤ በዚህ ስንቱን ተማሪ ሲቆጣ ኖሯል! ዛሬ ግን ጆሮው ኮሪደሩ ላይ ነበር። ጠበቀ፣ በመዳፉ አሞቀው፣ ምንም የለም። «ምን ነካህ አንተ!» አለው ብልቃጡን፤ የቀረውን ብሮማይድ ሁሉ ለቀቀበት።

ስልኩ ጮኸ።

በሩ ጋ ሳይደርስ ከኋላው ተንፈቀፈቀ። ጉድ ፈላ! ኤተሩ ገንፍሎ ብልቃጡ አፍ ላይ በተተከለው የእንፋሎት ማቀዝቀዣ ቱቦ ሽቅብ እየወጣ ነው። ትቶት ቢሄድ ክፍሉ በእሳት ይያያዛል። ለክፉ ቀን አጠገቡ ያስቀመጠውን የበረዶ ሳፋ አንስቶ ብልቃጡን ከሥሩ ነከረው፤ በሁለት እጁ ደግፎም ቆመ። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ።

«የኔ ልጅ፣ ትንሽ ብቻ!» አለ ለባዶው ክፍል።

ሲረጋጋለት ሮጦ ደወለ። አነሳችው።

«አባዬ፣ የት ነህ?»

ዋሽቷት አያውቅም። «ላብራቶሪ ነኝ። ብልቃጡ ተነሳብኝ፤ ትቼው ብመጣ ይቃጠል ነበር።»

«ታዲያ ይቃጠላ!» አለች እያለቀሰች፤ ዘጋችው። ደግሞ ቢደውል አላነሳችም።

ተመልሶ ብልቃጡ ፊት ተቀመጠ። ፈሳሹ ግራጫ ሆኖ አምሮበታል። ባለቤቱ በር ስትከፍትለት ሁልጊዜ «ተነሳልህ?» ትለው ነበር። ዛሬ ተነስቶለታል፤ የሚጠይቀው ሰው ግን የለም።