የታችኛው መንደር ፖም

«ፍሪጁን አራግፌ አጠብኩት» አለች ወይንሸት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ለእዝኑ ቦታ አልነበረማ። አሁን የዶሮውም የምስሩም ድስት ገብቷል።»

አይናዲስ ሳሎኑ ወለል ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ ቀና አለች። «ከታችኛው መሳቢያ የነበረውስ?»

«የቱ? ያ እርጥብ ጋዜጣ? ጭራሮ እኮ ነው የተጠቀለለበት! ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና፣ ፍሪጁን ማገዶ ቤት አደረገው እንዴ? ትራሽ ውስጥ ከተትኩት። የቆሻሻ ቢኑንም ደጅ አውጥቼዋለሁ፣ ዛሬ ይወስዱታል።»

የአይናዲስ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የወጣው ግን «ምንም አይደል» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ወይንሸት የአይናዲስ ሟች ባል የአምሐ ታናሽ እህት ናት። ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ ከሳን ፓብሎ እየመጣች የኦክላንዱን ቤት ማጀት ይዛለች። ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳም፤ ብርጭቆ እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያቀብለው። አይናዲስ ልጅ ሳለች ይህ ልማድ ደግነት ይመስላት ነበር። አሁን በገዛ ቤቷ የታሰረች መሰላት። እግሯን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«እስካሁን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም እኮ።»

«የተማረች አይደለች? ትምህርት ያደርቃል።»

ሰማቻቸው። ስለ ጭራሮው ልንገራቸው ብትል ከየት ትጀምር? ከእንግሊዝ አገር መጀመር ሊኖርባት ነው።

እዚያ ታሪክ ትማር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ኤልደርኮት የሚባል የድሮ ባላባት ግቢ ልትጎበኝ ሄዳ ነበር። አንድ ቀጭን ሐበሻ ባዶ ሣር ላይ ቆሞ፣ በቦታው ስለሌለ ቤት ለእንግሊዞች ያስረዳል። የአትክልት ሙያ ሊማር መጥቶ የግቢውን ታሪክ ያጠና ነበር።

«አሁን የቆማችሁት ምግብ ቤቱ ውስጥ ነው» ይላቸዋል። «ቤቱን ያሠራው የስኳር ነጋዴ ነው። በዚህ መስኮት በኩል ከታች መንደር ይታይ ነበር። የልጅ ልጁ ግን ምሳዬን ስበላ የድሃ ጭስ ማየት አልፈልግም አለና መንደሩን አፍርሶ ሐይቅ አስቆፈረበት።»

እንግሊዞቹ ዞረው የሐይቁን ውበት አደነቁ። እሷ በአማርኛ «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አለች።

ሰውየው ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። «እሱን ከጉብኝቱ በኋላ እነግርሻለሁ።»

ከጉብኝቱ በኋላ ግን ከአምሐ ጋር ሌላ ሌላ ነገር ሲያወሩ መሸ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። ከአምሐ ጋር በአንድ ፓርኪንግ ለዓመታት የሠሩ አዛውንት ናቸው። ወንበራቸውን ወደ ፍራሹ አስጠጉ። «ዝምተኛ ሰው ነበር። እኛ በፖለቲካ ስንጨቃጨቅ እሱ በቡና ስኒ ዘር ይተክላል። ‹አምሐ፣ አንተ ለማን ነህ?› ስንለው ‹እኔ ለሎሚው ነኝ› ይለናል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ መልሶ ወደ እንባ ዞረ። አይናዲስ ግን ጆሮዋ ውጭ ነበር። ከዳገቱ ላይ የቆሻሻ መኪናው ድምፅ ይሰማል። ቢን ያነሳል፣ ይገለብጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል።

አምሐ ከእንግሊዝ ሲወጣ የኤልደርኮትን ፖም ቅርንጫፍ በካፖርቱ ኪስ ደብቆ ነበር የመጣው። ወደ ኦክላንድ ከመምጣታቸው በፊት ሳን ሆዜ በተከራዩት ቤት ጓሮ ከሌላ ችግኝ ግንድ ጋር አጣብቆ ግራፍት አደረገው። ጫፉን በሰያፍ ይቆርጣል፣ ቁስልን ከቁስል ይገጥማል፣ በክር ያስራል። የእሷ ሥራ ጣቷን ቋጠሮው ላይ መጫን ነበር፣ እሱ «አሁን ልቀቂ» እስኪላት። ሲያስር የኤልደርኮትን ቤት መጨረሻ ይተርክላታል። በዓለም ጦርነት ጊዜ የቁስለኞች ሆስፒታል ሆነ፤ የጽጌረዳው መደብ ድንች ተተከለበት፤ ወራሾቹ ግብሩ ቢከብዳቸው የጣሪያውን የእርሳስ ብረት ሸጡ፣ ቀጥሎም ቤቱን በድማሚት አፈረሱት። የቀረው የአትክልቱ ግንብና ግንቡን ተደግፎ ያደገው ፖም ነው።

«የሰው አገር ጌታ ፖም ምን ያደርግልሃል?» ትለው ነበር። ይስቃል እንጂ አይመልስላትም።

ዘንድሮ የሳን ሆዜው ቤት ተሸጠ። ለኮምፒውተር ድርጅት ቢሮ ሊሠሩበት ግቢውን በዶዘር ከማረሳቸው በፊት፣ አምሐ በሕመሙ ላይ ሄዶ ጥቂት ቀንበጦች ቆርጦ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ፍሪጅ ከተተ። የኤልደርኮቱ ፖም በእጃቸው ሌላ ዘር የለውም። በኋላ ሆስፒታል ተኝቶ እጇን ያዘ።

«የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቀረሁ» አላት።

«ምኑን?»

«ሰዎቹ የት ሄዱ ያልሽኝን። የትም ተበተኑ። አንዲት ሴት ግን ከመውጣቷ በፊት ከደጇ ፖም ቀንበጥ ቆርጣ ለጌታው አትክልተኛ ሰጠችው። እሱም ለማንም ሳይናገር ግንቡ ሥር ግራፍት አደረገው። ጌታው ዕድሜውን ሙሉ የበላው፣ ያባረራቸውን ሰዎች ፖም ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የጓሮው ችግኝ ቡቃያው ሳይፈነዳ ግራፍቱን እንጨርሰዋለን።»

እንጨርሰዋለን ነበር ያላት።

መኪናው ጎረቤት ደጃፍ ደረሰ። ጋሽ ማንደፍሮ «ሰው እንግዲህ…» ብለው ሳይጨርሱ አይናዲስ ከፍራሹ ተነሣች።

«ያዟት! ራሷን ልትጥል ነው!» አለች ከበሩ አጠገብ ያለችው ሴት።

የያዛትን እጅ አስለቅቃ በካልሲዋ ደረጃውን ወረደች። የቆሻሻ መኪናው ሠራተኛ ቢኑን ሊጎትት ሲል ክዳኑ ላይ ተደገፈችበት። ሰውየው ጥቁር ልብሷን አየ፣ ደጁን የሞላውን መኪና አየ፣ እጁን ሰበሰበ። የሽንኩርት ልጣጩን፣ የሻይ ቅጠሉን፣ የወረቀት ሳህኑን ገለባበጠች። እርጥቡ ጋዜጣ ከሥር ነበር።

ወይንሸት እያለከለከች ደረሰች። «አንቺ! ምን ሆነሽ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«የአምሐ ነው። የመጨረሻው ነው።»

ወይንሸት እጇን በራሷ ላይ ጫነች። «እኔ ልደፋ! ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?»

«ብናገር ማልቀሴ ነበር።»

በጎን በር ወደ ጓሮ ገባች። ወይንሸት ተከተለቻት። ሌላው ሰው መስኮቱ ላይ ተደራርቦ ያያል። ችግኙ አጥሩ ሥር ነው፤ ቡቃያው አብጧል እንጂ አልፈነዳም። ቢላዋው አምሐ በሰቀለበት ምስማር ላይ ነበር። አይናዲስ ቋጠሮ ይዛ እንጂ ቆርጣ አታውቅም። የመጀመሪያውን ቀንበጥ ሰነጠቀችው። ሁለተኛውም ጠመመባት። ሦስተኛውን ግን ቀስ ብላ በሰያፍ ቆረጠች፣ የችግኙንም ጫፍ እንዲሁ ቆርጣ ቁስልን ከቁስል ገጠመች።

«ያዥልኝ።»

ወይንሸት ያዘች። «ክሩስ?»

አይናዲስ ዙሪያዋን ፈለገች፣ አጣች። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈታች፣ ጠርዙን በጥርሷ ቀደደች፣ ቀጭን አድርጋ ተረተረችው። ከዚያ እያጠበቀች ጠመጠመችው፣ ቋጠረችው።

ወይንሸት እጇን አነሳች። ቀንበጡ ቆመ። የቆሻሻ መኪናው ድምፅ ወደ ታች ራቀ፤ ከቤት ውስጥ ጋሽ ማንደፍሮ ሰውን ወደ ወንበሩ ይመልሳሉ።

«አለቀ እኮ፣ እቴ» አለች ወይንሸት በቀስታ። «ነይ እንግባ።»

አይናዲስ አልሰማቻትም። አንድ ጣቷን ቋጠሮው ላይ እንደጫነች፣ ልቀቂ እስክትባል ትጠብቅ ነበር።