ማርሚታ የቀየርኩ ሰሞን

መኪናውን ስገዛ ስለ መኪና የማውቀው ቤንዚን እንደሚጠጣ ብቻ ነበር። ፋርማሲስት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ቆሜ "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ" ስል ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ከጃፓን የመጣ፣ ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው የስፖርት መኪና ሲገዛ ሰው ምን እንደሚል አላጣሁትም። ብለዋልም። አብራኝ የምትሠራዋ ሴትዮ ጸጉርህን ቀለም ብትቀባ ይቀልህ ነበር አለችኝ። ትበል። ለሰው አፍ ሁሉ መልስ ስሰጥ አልኖርም።

የልጄ እናት ከአራት ዓመት በፊት የሥራ ዝውውር አግኝታ ልጄን ይዛ ሌላ ከተማ ሄደች። ተጣልተን አይደለም። ሂዱ፣ እከተላችኋለሁ ብዬ ነበር። አልተከተልኩም። ዛሬ ነገ ስል፣ የቤቱን ነገር ላስተካክል ስል፣ አንድ ቀን እሷም መቼ ነው የምትመጣው ማለቷን ተወችው። እኔም ጠያቂ ሲጠፋ ደግ ሆነ ብዬ ዝም አልኩ። ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ለማየት አይደለም፤ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። ሁለት ሳህን አለኝ፤ አንዱን አጥቤ አንዱን እስካቆሽሽ ድረስ ቀኑ ያልቃል።

የእናትየውን ነገር ቻልኩት። ሆዴን ያባባችው ልጄ ናት። መጀመሪያ በሳምንት ሁለቴ ትደውል ነበር፣ ከዚያ አንዴ፣ ከዚያ ልደቴ ሲሆን። አሥራ ሰባት ሲሞላት መደወሉም ቀርቶ መጻፍ ብቻ ሆነ። "እንዴት ነሽ የኔ እመቤት" እላታለሁ። "ደህና።" "ትምህርትስ?" "ጥሩ።" ስሜን የማያውቅ በሽተኛ እንኳ መስኮቱ ላይ ከዚህ የተሻለ ያጫውተኛል። ከዚህ ዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ እንደ ድሮዋ እንድታወራኝ። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

በዓመት አንዴ ትመጣ የነበረውን ዘንድሮ አልመጣም ስትለኝ ጊዜ፣ በንዴት ከቤት ወጥቼ ዝም ብዬ ስሄድ መኪና መሸጫ ጋ ደረስኩ። መኪናው ጥጉ ላይ አቧራ ለብሶ ቆሟል። መሪው በቀኝ በኩል ነው። መስታወቱ ላይ የጃፓን ጽሑፍ ያለበት ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ቁልፉን ሳዞር ከቴፑ ውስጥ አንዲት ሴት በጃፓንኛ አንድ ነገር አለችኝ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን ልስልስ ባለ ድምፅ ነው የተናገረችው፣ ለእኔም እንደዚያ ብሎ የሚናገር ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኳት። ሻጩ አየኝ። ገዛሁት።

የመኪናውን ፎቶ አንስቼ ለልጄ ላክሁላት። ደህና ብላ ትዘጋዋለች ብዬ ነበር። ሦስት መስመር ጻፈችልኝ። ያንተ ነው ወይ፣ እውነትህን ነው ወይ፣ አላመንኩም፤ ቸርኬው ግን ያስጠላል። ሦስት መስመር! ስልኩን ይዤ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ ቸርኬው ካስጠላ ይቀየራል።

ጋራዥ የሄድኩት በማግስቱ ነው። መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ "ቀስ በል" እያለ ነው የሚጠራው፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥር የሚለው እሱኑ ስለሆነ። እኔን አክብሮ ዶክተር ይለኛል፤ ፋርማሲስት ነኝ ብለው ብሠራው አልሰማ አለ። ቸርኬ ልቀይር አልኩት። ቀስ ይበሉ ዶክተር፣ መጀመሪያ ፍሬኑን እንየው አለኝ። ፍሬኑን እንተወው፣ ፍሬን ፎቶ ላይ አይታይም አልኩት። ሲያየኝ ቆየና ራሱን ነቀነቀ።

የገዛሁት ቸርኬ አልገባ አለ። ሁለተኛውም አልገባም። ለካ ቸርኬም እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ሦስተኛው ገባ፤ ፎቶ ላክሁ፤ "አሁን መኪና መሰለ" አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ። የኋላ ክንፍ አስገጠምኩ። መሪውን በትንሽ ክብ መሪ ቀየርኩ። መኪናው ዝቅ ይበል ብዬ ሞላውን አስቆረጥኩ፤ የግቢዬን በር ስሻገር ሆዱ እየተፋቀ የጎረቤት ውሻ ሁሉ እስኪጮህ ድረስ። ማታ ማታ ስለ ፒስተን አነባለሁ፤ ግማሹ አይገባኝም፣ ግማሹን ተሳስቼ እረዳለሁ። ግን አንድ ነገር በተቀየረ ቁጥር ፎቶ አለ፤ ፎቶ ባለ ቁጥር ከልጄ አንድ ቃል አለ። ፎቶ ያልላክሁበት ሳምንት ምንም የለም። ስለዚህ የሚቀየር ነገር ማጣት የለብኝም።

ከዚያ ማርሚታው መጣ። የድሮው ማርሚታ ድምፁን አፍኖ የሚያስወጣ ጨዋ ነገር ነበር። አወጣነውና ቀጥ ያለ ወፍራም ቧንቧ ገጠምን። ቀስ በል ሞተሩን ሲያስነሳው ጋራዡ ጣሪያ ላይ የነበሩት ርግቦች አንድም አልቀሩ። ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ላክሁላት። በዚያ ቀን ልጄ አልጻፈችም። ድምጿን ቀድታ ላከችልኝ። ትስቃለች። "አባዬ አብደሃል" ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። ስንቴ እንደሰማሁት አትጠይቁኝ። መድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ እየተደበቅኩ እሰማዋለሁ።

የሚጨመር ነገር ሲያልቅብኝ መቀነስ ጀመርኩ። ቀላል መኪና ይፈጥናል ይላሉ አዋቂዎቹ። የኋላ መቀመጫውን አወጣሁ። ምንጣፉን ገፈፍኩ። ከምንጣፉ ሥር ጥቁር ወፍራም ስፌት የመሰለ ነገር አለ፤ ምንድን ነው አልኩት ቀስ በልን፤ ድምፅ የሚውጥ ነው አለኝ፤ አውጣው አልኩ። የበሩን ሽፋን፣ ቴፑን፣ ሁሉንም። ከቴፑ ጋር ያቺ ጃፓናዊት ሴትም አብራ ሄደች፤ እንደዚያ መሆኑን ያወቅኩት በሚቀጥለው ቀን ቁልፉን አዙሬ ስጠብቃት ነው። ቅር አለኝ፤ ግን ተወው፣ ፎቶው ጥሩ ነበር። በመጨረሻ አጠገቤ ያለውን መቀመጫ ፈታሁ። በገዛ እጄ፣ አራቱንም ብሎን። ማንንም አሳፍሬ አላውቅም፤ ለምን ይከብደኛል? ባዶውን የወለል ላሜራ ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን አንድ መስመር መጣ።

"እኔ የት ልቀመጥ ነበር?"

ክው አልኩ። ወረፋ የያዙትን ሰዎች ትቼ ጓዳ ገብቼ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት ያለ ጅል ነኝ እናንተ። ይህን ሁሉ ለእሷ ስል፣ እሷ የምትቀመጥበትን ነቅዬ ልጣል? በዚያው ጋራዥ በረርኩ። መቀመጫዋ ግድግዳ ሥር ተጥላ ቀስ በል ምሳውን ሊበላ ተደላድሎባታል። አስነሣሁት። ሲገጥምልኝ፣ ዶክተር፣ ሰው የሚሳፈርበት ከሆነ ያንን ድምፅ የሚውጠውንም ቢመልሱት፣ ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ፣ እንዲህ ሆኖ ወሬ አይሰማም አለኝ። አይ አልኩት። ልጄ ድምፁን ትወደዋለች።

የመቀመጫዋን ፎቶ ላክሁላት። "ቅዳሜ እመጣለሁ። የምነግርህ ነገር አለ" አለችኝ።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ከመድረሱ ከሁለት ሰዓት በፊት መናኸሪያ ነበርኩ። ስትወርድ ላውቃት ምንም አልቀረኝም፣ ሳላውቃት ልቀር ማለቴ ነው። በቁመት ደርሳብኛለች። ጸጉሯን ተቆርጣለች። አቀፈችኝ፤ አቅፋኝ ቆየች። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዳ በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍታ መሪ ፊት ተቀመጠች። ልትነጂ ነው ወይ ስላት ሳቀች። ያው ሳቋ ነው።

በቀጥታ ቤት መሄድ ነበረብን። እኔ ግን መኪናው ምን እንደሚችል ላሳያት ብዬ ከከተማ ወጣሁ። ወደ ተራራው የሚወጣ ጥሩ አስፋልት አለ። ጥቂት እንደሄድን መናገር ጀመረች። ከንፈሯን አየዋለሁ፤ የሚሰማኝ ሞተሩ ብቻ ነው። ስለ መኪናው መሰለኝ። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ወደ እኔ ሙሉ በሙሉ ዞራ አንድ ነገር አለች፤ ረዘም ያለ ነው። አዎ፣ አዎ አልኩና ሳቅኩ፣ ነዳጁንም ረገጥ አደረግኩላት። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አገሩን እያየች ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ምሳ ላይ እምብዛም አልበላችም። ራሴን አመመኝ አለች፤ ኪኒን ሰጠኋት፣ ከምግብ በኋላ ነው ብዬ። ከዚያ የምትነግሪኝ ነገር ነበር አይደል አልኳት። ሹካዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ።

"ነገርኩህ እኮ" አለች።

እዚህ ላይ አልሰማሁሽም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። አፈርኩ፤ ያን ሁሉ መንገድ ስነቀንቅ መጥቼ አሁን ምን እላታለሁ? እሱማ ነገርሽኝ፣ ሌላ ካለ ብዬ ነው አልኳት። ሌላ የለም አለች። የትምህርት ነገር ነው የሚሆነው፣ ከሄደች በኋላ በጽሑፍ አወጣጣታለሁ ብዬ በሆዴ ያዝኩት። በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት የልጄ እናት ደወለች። ከደወለች ዓመት አልፏታል። ድምጿ ሞቅ ያለ ነው፤ አመሰግንሃለሁ፣ እንዲህ በደግ ትቀበለዋለህ ብዬ አላሰብኩም አለችኝ። ምኑን አልኳት። ውጭ አገር ሥራ አግኝታ ኖሯል፤ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። ልጅቱ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልሄድም ብላ አስቸግራት፣ በመጨረሻ አባቴን እጠይቃለሁ፣ እኔ ጋ ቅሪ ካለኝ ከእሱ ጋር እኖራለሁ ብላ ነው የመጣችው።

"ሂጂ ብለሃታል አሉ" አለች እናትየው። "ልሂድ ወይ ስትልህ እየሳቅክ አዎ፣ አዎ አልክ አለችኝ።"

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። መስኮቱ ላይ አንድ ሽማግሌ የሐኪም ወረቀታቸውን ዘርግተውልኝ ይጠብቃሉ። ይቅርታ አባቴ ብዬ ጓዳ ገብቼ ለልጄ ደወልኩ። አነሣችው።

"አልሰማሁሽም ነበር" አልኳት። "መኪናው ይጮሃል፤ አንድም ቃል አልሰማሁም። ቅሪ። እኔ ጋ ቅሪ፣ ልጄ።"

የምትተነፍሰው ይሰማኛል።

"አሁንማ ልቤ ሄዷል አባዬ" አለች። "ሁለት ጊዜ ጠየቅኩህ እኮ። አቁመህ ምን አልሽ ብትለኝ ምን ነበረበት?"

ለእሷ ያልመለስኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ማቆም እችል ነበር፤ የመንገዱ ዳር ሰፊ ነው፣ ከኋላ የሚመጣ መኪናም አልነበረም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ዓይኗ እንባ ማቅረሩንም አይቻለሁ፤ ነፋሱ ነው ብዬ አለፍኩት። አቀበቱ ላይ ነበርን፣ በሦስተኛ ማርሽ፤ የማርሚታው ድምፅ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም። ልጄም አጠገቤ ነበረች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ስለማያውቅ ነው ያላቆምኩት።