ማጫወቻው ቢቸና፣ ሸክላው ሞጣ

ይርጋነሽን ቀናተኛ ነሽ ቢሏት ትስቃለች። «እኔ? በማን?» ትላለች። በታናሽ እህቷ በወይንእሸት ነዋ! ቢቸና ገበያ ላይ በርበሬ የሚሸጡት ሳይቀሩ ያውቃሉ።

ነገሩ የአባታቸው የወልደ ኪዳን ሥራ ነው። ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በዘመናቸው ቢቸና ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ። ሁለቱ ልጆቻቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንደ አይጥና ድመት ሲሆኑ ኖረው፣ እሳቸው ሊሞቱ ሲሉ ሽማግሌ ፊት፣ «ማጫወቻው ለይርጋነሽ፣ ሸክላዎቹ ለወይንእሸት» ብለው ተናዘዙ። ጉድ እኮ ነው! ወይንእሸት ያን ጊዜ ሞጣ አግብታለች። አንዷ ቢቸና ባዶ ማጫወቻ፣ ሌላዋ ሞጣ የማይናገር ሸክላ ታቅፈው ቀሩ።

ግን አባትየው የዋዛ አልነበሩም። በየዓመቱ ፋሲካ በዋለ ማግስት ወይንእሸት ልጆቿን ለባሏ ትታ፣ ሸክላዎቹን በካርቶን አሽጋ፣ አውቶብስ ላይ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትመጣለች። ይርጋነሽ ማጫወቻውን ወልውላ ትጠብቃታለች። መርፌው ሸክላው ላይ ሲያርፍ ዘፈኑ ወዲያው አይጀምርም፤ መጀመሪያ ጨው እሳት ላይ እንደወደቀ ይንጣጣል። አባታቸው በዚያች ቅጽበት እጃቸውን አንስተው ቤቱን ጸጥ ያሰኙት ነበር። እህትማማቾቹም መንጣጣቱን ሲሰሙ ዛሬም ዝም ይላሉ። ከዚያ ሸክላውን ማን ይገልብጥ ብለው ይጣላሉ። ወይንእሸት ካርቶኗን ይዛ ስትሄድ ግን ይርጋነሽ ባዶውን ማጫወቻ እያየች አንጀቷ ያርራል። ሸክላዎቹ የእኔ ቢሆኑ ምን ነበረበት? ታላቅ እኔ አይደለሁ? እሷ ምን ታደርግባቸዋለች?

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በአንዱ ፋሲካ ወይንእሸት ቀረች። «እታለም፣ ዘንድሮ አልተመቸኝም» አለች በስልክ። ይሁን። ዳግማይ ትንሣኤ እንዳለፈ ግን እህል ነጋዴው ወልደ ሰንበት ከሞጣ ተመልሶ፣ «የእህትሽ ቤት እኮ ዘፈን በዘፈን ሆኗል! ያን የአባትሽን ዘፈን ከመንገድ ድረስ ሰማሁት» አላት።

ይርጋነሽ ክው አለች። በምን አጫውታው? ማጫወቻው እኔ ቤት ተቀምጦ! ሌላ ገዝታለች፤ ሌላ ገዝታ እኔን ተወችኝ!

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ አውቶብስ ተሳፈረች። ደብረ ወርቅን አለፈች፤ ግንደወይንን አለፈች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ወግ ሲጀምርላት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ሌላ ማጫወቻ በዓይኗ ሳታይ እህል አይወርድላትም።

ሞጣ ስትደርስ ዘፈኑ ገና ከበር ተቀበላት። «እታለም! ምነው ሳትነግሪኝ!» ብላ ወይንእሸት ተጠመጠመችባት። ይርጋነሽ በእህቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ቤቱን ታስሳለች። ጠረጴዛው ላይ የለም። አልጋው ሥር የለም።

«የት አለ?»

«ምኑ?»

«ማጫወቻው ነዋ! አታሹፊብኝ!»

ወይንእሸት ከት ብላ ሳቀች። መስኮቱ ላይ ጡብ የምታህል ስፒከር ነበረች፤ ከጀርባዋ ጣት የማትሞላ ፍላሽ ነቅላ አሳየቻት። ዘፈኑ ቀጥ አለ። «ይችው ናት! ሙዚቃ ቤት ወስጄ አስጫንኩባት። የአባባ ዘፈኖች አንድም ሳይቀር አሉ። መርፌ የለ፣ ተነሥቶ መገልበጥ የለ።»

መልሳ ሰካችው። ዘፈኑ ወዲያው ጀመረ። መንጣጣት የለም፤ ዘፋኙ እዚያው ቤት የቆመ ይመስላል። ጥርት ያለ ነው፤ ይርጋነሽ ይህን አልካደችም። ግን ዝም የምትልበት ጊዜ እንኳ አልሰጣትም።

«ሸክላዎቹስ?»

ካርቶኑ ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ወይ ነዶ! ሰው በጣውንት ይቀናል፣ በጎረቤት ይቀናል፤ ይርጋነሽ ጣት በማትሞላ ፕላስቲክ ቀናች። እህቴን የወሰደችብኝ ይች ናት አለች በሆዷ።

«እንኳንም መጣሽ» አለች ወይንእሸት ካርቶኑን እያወረደች። «በይ ውሰጃቸው። ስትመኚያቸው እንደኖርሽ የማላውቅ መሰለሽ? ማጫወቻውም ሸክላውም አንድ ላይ ይሁንልሽ፤ ለእኔ ይች ትበቃኛለች። ከእንግዲህ እኔን መጠበቅ የለብሽም።»

ይርጋነሽ ካርቶኑን ተቀበለች። ያን ሁሉ ዓመት የቋመጠችለት ነገር እጇ ገባ። ይከብዳል። ይህን ነው እህቷ በየዓመቱ ጭኗ ላይ አድርጋ ያን ሁሉ መንገድ የምትመጣው። ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ እንባዋ መጣ።

«እታለም? ምን ሆንሽ?»

«አልፈልጋቸውም!» ካርቶኑን መልሳ እህቷን አሳቀፈቻት። «ያንቺ ናቸው። አባባ ላንቺ ነው የሰጡ።»

«ታዲያ በምን ልትሰሚ ነው? ላንቺም ፍላሽ ላስጭንልሽ?»

«ፍላሽሽ ምን ይዛልኝ ትመጣለች?» ይርጋነሽ ጮኸችባት። «ሸክላው አንቺን ይዞልኝ ይመጣ ነበር!»

ስፒከሯ ያንን ዘፈን ጨርሳ ሌላውን በራሷ ጀመረች። ወይንእሸት ካርቶኑን እንዳቀፈች እጇን ዘርግታ አጠፋቻት፤ የካርቶኑንም አቧራ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ለእንቁጣጣሽ ይዣቸው እመጣለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን የምገለብጠው እኔ ነኝ።»

«እሱን ያኔ እናያለን» አለች ይርጋነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ እየጠረገች።