ከሰንሰለቱ ወዲህ

የትናንቱን ጎብኚዎች ቁጥር ከቁራጭ ወረቀት ወደ ትልቁ መዝገብ እየገለበጥኩ ሳለ አባዬ በመስኮቱ ፊት አለፈና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ በግራጫ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አጋድሟል። ቀና አላልኩም። በሦስት ሳምንት ውስጥ አምስተኛ ጊዜው ስለሆነ እሱ የሚለውንም እኔ የምመልሰውንም ሁለታችንም በቃላችን ይዘነዋል።

«እንዴት ዋልሽ» አለኝ፣ አንድ ቤት እንዳላደርን።

«ደህና። አባዬ፣ ዛሬም አይገባም።»

«ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ጥሩ።»

አባዬ በዚህ ፓርክ ሠላሳ አንድ ዓመት በጠባቂነት ሠርቶ ባለፈው ወር ጡረታ ወጣ። እኔ የበሩ ጸሐፊ ነኝ። በጨርቅ የተጠቀለለው የፓርኩ ጠመንጃ ነው። በተሰናበተበት ቀን እንዳያስረክበው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር፤ ግምጃ ቤቱም ተቆልፎ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃው ከእኛ ጋር መጥቶ አልጋ ሥር ገባ። ኃላፊው ከፈቃድ ሳይመለስ አዲሱ መመሪያ ቀድሞት ደረሰ፤ ከተረኛ ጠባቂ በቀር ማንም ሰው መሣሪያ ይዞ የበሩን ሰንሰለት እንዳያልፍ። ግምጃ ቤቱ ያለው ደግሞ ከሰንሰለቱ ወዲያ፣ አራት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው።

ከዚያ ለአባዬ ደብዳቤ መጣለት። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ጠመንጃውን ካላስረከበ ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፋል ይላል። የፈረመው ያው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው።

ስልኩን አንስቼ ደወልኩለት። በስሙ የሚጠራው የለም፤ አንቀጽ ነው የምንለው። ያውቃል፤ እንደ ማዕረግ ነው የሚቆጥረው።

«አባቴ በር ላይ ነው» አልኩት።

«ጋሼ? ሰላም በይልኝ። ጠመንጃውን ይዘው ነው?»

«ይዞ ነው።»

«ሰንሰለቱን እንዳያልፉ አደራ።»

«አያልፍም። ታዲያ እንዴት ያስረክብህ?»

«ወደ እኔ ያምጡታ።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩና ለአፍታ አየሁት። መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ረጅሙ ያምጣልህ?» ረጅሙ የዛሬው የበር ተረኛ ነው፤ ሰንሰለቱ አጠገብ ቆሞ የማይሰማ መስሎ ይሰማል።

«ተረኛ የሚይዘው በራሱ ስም የተመዘገበውን ብቻ ነው። ይሄ በጋሼ ስም ነው ያለው።»

«እንግዲያው መዝገብህን ይዘህ አንተ ና።»

«መዝገብ ከክፍሉ አይወጣም።»

«ማን ነው አይወጣም ያለው?»

«እሱንማ አባትሽን ጠይቂያቸው።»

በመስኮቱ ወደ አባዬ ዞርኩ። ጠየቅኩት።

«እኔ ነኝ» አለ ሳያፍር። «አንድ ክረምት መዝገቡን መኪና ላይ ጭነው ሲያዞሩት ዝናብ መታው። የሁለት ወር ጽሑፍ ታጥቦ ሄደ። ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ፤ በጭብጨባ ነው የጸደቀው።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«ምን ያናድድሻል? ትክክል ነበር።»

አንቀጽ አሁንም መስመሩ ላይ ነበር። «እንግዲህ የሚቀረው ቅጽ ስድስት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ነግረሻቸዋል?»

አልነገርኩትም። ቅጽ ስድስትን ያሰብኩት ለሁለተኛ ጊዜ በመጣ ቀን ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ከአፌ አልወጣም። በር ላይ የተያዘ መሣሪያ ታሽጎ በተረኛው እጅ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባበት ቅጽ ነው። የማንም መሣሪያ ቢሆን ያልፋል። ችግሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ «የጥፋተኛው ሙሉ ስም» ይላል።

ስልኩን ዘግቼ የቅጹን ጥራዝ ከመሳቢያ አወጣሁና መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። አባዬ ሳያነሳው ከሩቅ አወቀው።

«አይሆንም» አለ።

«አባዬ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

«በዚህ ወረቀት ስንት ሰው አስፈርሜያለሁ መሰለሽ? አርባ ሦስት። ሁሉም ‹እኔ እኮ አላፊ መንገደኛ ነኝ› ነው የሚለው። አንዱንም አላመንኩም። አሁን እኔ አርባ አራተኛ ልሁን?»

«ጋሼ፣ እኔ ልያዝዎት» አለ ረጅሙ ከሰንሰለቱ በኩል። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማንንም ይዤ አላውቅም። ለእኔም ጥሩ ነው።»

«አንተማ ከርከሮ በእግርህ መሀል ያለፈብህ ሰው ነህ።»

«ከርከሮው መሣሪያ አልያዘማ።»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል። «እሺ፣ ‹ጥፋተኛ› የሚለውን ልሰርዘውና ‹ባለቤት› ብዬ ልጻፍበት» አልኩ።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ውድቅ ነው። ይህንን ሳላስተምርሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። «አባዬ፣ ስማኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ቤታችን የሚመጡት ሰዎችም ቅጽ ይዘው ነው የሚመጡት። እዚያ ላይ ስምህን የምጽፈው እኔ አይደለሁም። እማዬ በር ከፍታ ነው የምታስገባቸው። የሚነሳውም የእሷ አልጋ ነው።»

አባዬ ጨርቁን ከአንድ ጫፍ መፍታት ጀመረ። ጠመንጃው ዘይት ተቀብቶ ያበራል። አፈሙዙን ወደ ባዶው ሜዳ አዞረ፣ ከፈተ፣ ባዶ መሆኑን ለረጅሙ አሳየው። ረጅሙም ሳያውቀው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጻፊ» አለኝ። «ካርቦኑን አስተካክይ። ጫን ብለሽ፤ ሦስተኛው ቅጂ ሁልጊዜ አይነበብም።»

የጠመንጃውን ቁጥር ሳያይ ነገረኝ። ቁጥሩን እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም እየተናገረ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«የጥፋቱ ዓይነት?»

«በፓርኩ በር ላይ ያለፈቃድ መሣሪያ ይዞ መገኘት። ‹ያለፈቃድ›ን አትርሺ።»

«ምክንያት?»

ምክንያት የሚጻፍባት ሳጥን የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች።

«ለመመለስ» አለ። «ሰዎቹ ብዙ ሲያወሩ ይህች ሳጥን ትጠበኝ ነበር። ‹አላፊ› ብዬ እተወው ነበር።»

ፈረመ። ከፊርማው ሥር እንደ ልማዱ የቀድሞ የሥራ መታወቂያ ቁጥሩን መጨመር ጀመረና ተወው።

ረጅሙ ጠመንጃውን በክር አስሮ አሸገና ሰንሰለቱን አውርዶ በሞተር ሳይክሉ ገባ። ሰንሰለቱን መልሶ የሰቀለው አባዬ ነው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አሥር ሰዓት ሲል ስልኩ ጠራ።

«ገብቷል» አለ አንቀጽ። «ቅጹ ንጹሕ ነው፤ ማን አስሞላሽ?»

«ጥፋተኛው።»

«የንብረት ክሊራንሳቸውን መጥተው ይውሰዱ። ባዶ እጃቸውን ከሆኑ ማንም አይከለክላቸውም።»

ነገርኩት። አባዬ በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ግራጫውን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አጠፈው፤ በርዝመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ። በመስኮቱ አቀበለኝ። «ለአቧራ ይሆንሻል» አለና ሰንሰለቱን በእጁ ዝቅ አድርጎ ተሻግሮ በመንገዱ ሄደ። ቀኝ ትከሻው ማንገቻ እንዳለበት ሰው ትንሽ ዘንበል ብሏል።

ወደ መዝገቡ ተመለስኩ። የትናንቱ መስመር ግማሽ ላይ ነበር። «የተያዘ መሣሪያ» በሚለው ዓምድ ሥር ዜሮ ጻፍኩ፤ የዛሬው የሚገለበጠው ነገ ነው። ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅኩ፣ መዝገቡን ዘግቼ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።