የዊልፍ ብድር

ዊልፍ ስቶርን ከባሕር ያወጣው ጆንቲ ካውሊንግ ነው። ሁለቱም የሰሜን እንግሊዝ ጠረፍ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በዚያ ጠዋት የዊልፍን ጀልባ ማዕበል ገለበጠው። ጆንቲ ጀልባውን አስጠግቶ ሲደርስ ዊልፍንና ልጁን ኮሊንን በግራና በቀኝ ውሃው ያንገላታቸው ነበር። የቀረበውን ያዘ። ዞር ሲል ኮሊን የለም።

የጆንቲ ሚስት ኢኒድ ብርድ ልብስ ይዛ ዳርቻው ላይ ደረሰች። ዊልፍ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ጆንቲን ትኩር ብሎ አየውና፣ «ብድርህን እመልሳለሁ» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይህ ቃል ውለታ ለዋለም ይባላል፣ ደም ለተቃባም ይባላል። ጆንቲ ሁለተኛውን ያዘ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ ቤት መሄድ ተወ፤ ዊልፍን ካየ መንገድ ይቀይራል። ዊልፍ አንድ ቀን የተጨሰ ዓሣ ደጃቸው ላይ አኑሮ ቢሄድ፣ ጆንቲ አንስቶ ለባሕር ወፎች ወረወረው።

«አንተ ሰውዬ፣ በዓሣ የተበቀለ ማን አለ?» አለችው ኢኒድ።

«ልጁን ትቼበታለሁ። አንቺ ብትሆኚስ?»

ባልና ሚስቱ ልጅ የላቸውም።

ዓመታት አለፉ። ጆንቲን ሳንባው አመመውና አልጋ ያዘ። አንድ የክረምት ከሰዓት በር ተንኳኳ። ዊልፍ ነበር፤ ባልዲ ሙሉ ከሰል ተሸክሟል። ኢኒድ ልትመልሰው አሰበች። ግን ምድጃው ከጠፋ ሰንብቷል።

«ግባ» አለችው።

ጆንቲ ሲያየው ቀና ለማለት ታገለ። «መጣህ? ይኸው፣ አልጋ ላይ አገኘኸኝ። ጨርሰው።»

«ምኑን?»

«ብድርህን እመልሳለሁ አላልከኝም?»

ዊልፍ ባልዲውን አስቀምጦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እውነቱን ልንገርህ? የቱን እንዳልኩህ እኔም አላውቀውም። አንዳንድ ቀን ነፍሴን ስላተረፍክ እመርቅሃለሁ። የልጄን ቦት ጫማ ከበሩ ኋላ ሳይ ደግሞ፣ ምነው እኔን ባላወጣኝ እያልኩ እረግምሃለሁ።»

«እጄ አንተ ጋ ደረሰ» አለ ጆንቲ። «ሁለታችሁንም አይቻለሁ፣ ዊልፍ። ሁለታችሁንም።»

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ በኋላ ዊልፍ በየቀኑ እየመጣ ምድጃውን ያነድድለት፣ ጢሙን ይላጨው ጀመር። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ጆንቲ ዓይኑን ይጨፍናል። ኢኒድ በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው፣ በፍርሃት የባከነው ዘመን ሁሉ ያስቆጫት ነበር።

ጆንቲ ጸደይን አላየም።

የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሲበተን ዊልፍ ብቻ ቀረ። ኢኒድ ሻይ ቀዳችለት። አልጠጣውም። ልጁ ከሞተ ጀምሮ በአፉ ጠርቶት የማያውቀውን ስም ጠራ፤ ኮሊን ፉጨት እንደማይሆንለት፣ ግን ፉጨቱን እንደማይተው ነገራት። እየሳቀ ጀምሮ እያለቀሰ ጨረሰ። ኢኒድም ወንበሯን ወደሱ ጠጋ አድርጋ እስኪመሽ አዳመጠችው።