የሠላሳ ሜትሩ ሩጫ

1.

“አምስት ነጥብ አንድ ሁለት!”

ንጋቷ ሰዓቱን ጨብጣ ጮኸች። ዘይነባ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ትንፋሿን ትሰበስባለች።

2.

ሁለቱ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የእግር ኳስ ክለብ ስምንት ዓመት አብረው ተጫውተዋል። ንጋቷ የጉልበቷ ጅማት ሲበጠስ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆነች። ዘይነባ ሁለት ልጅ ወልዳም በቀኝ ክንፍ መሮጧን ቀጠለች። ዘንድሮ ግን ክለቡ ደንብ አወጣ፦ ሠላሳ ሜትሩን ከአምስት ሰከንድ በላይ የሮጠች ውሏ አይታደስም።

3.

የዘይነባ ውጤት።

ኳስ መግፋት፦ አንደኛ
ቅብብል፦ አንደኛ
ሩጫ፦ 5.12፣ 5.14፣ 5.12

ውሳኔ፦

ወድቃለች።

4.

“አንቺ፣ ሜዳው ረዝሟል!” አለች ዘይነባ።

ሌሎቹ ተጫዋቾች በሳቅ ፈነዱ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልዝለል ብዬ ነበር፤ ግን ልጻፈው።

ንጋቷም ሳቀች።

5.

በሦስተኛው ቀን የታዳጊዎቹን ፈተና ልታዘጋጅ ሜትር ይዛ ወጣች። በኖራ የተሰመረው መስመር አልጠፋም። ለካችው።

ሠላሳ አንድ ሜትር ተኩል።

እንደገና ለካች።

ሠላሳ አንድ ሜትር ተኩል።

ያሰመረችው ራሷ ነበረች። ዝናቡ ሳይደርስባት ልትጨርስ ተቻኩላ በእርምጃ ለክታው ነበር። ሌሎቹ ወጣቶች ስለሆኑ በረዘመውም አልፈዋል።

6.

በዋናው አሰልጣኝ ቢሮ የተባለው ይኸው ነው።

ንጋቷ፦ ኮች፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በትክክል ቢለካ ዘይነባ ታልፍ ነበር።

አሰልጣኙ፦ ይህን ሌላ ማን ያውቃል?

ንጋቷ፦ ማንም።

አሰልጣኙ፦ እንግዲያው ማንም አይወቅ። በቦታዋ ሌላ አስፈርመናል። አንቺንም ማጣት አልፈልግም።

ንጋቷ ተከራከረች ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ወጥታ ኖራውን በጫማዋ አጠፋችው።

7.

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ደወለች። ዘይነባ ልጆቿን ይዛ ከሚሴ፣ እናቷ ቤት ገብታለች።

“ዘይነቢ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።”

“ጨንቆሽ ነው አይደል? ተይው በቃ። መጀመሪያ ላይ እልህ ይዞኝ ነበር። ሌላ ክለብ ልሞክር ሁሉ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ሰዓቱን የያዝሽው አንቺ መሆንሽን ሳስብ ውጤቱን አመንኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በጭራሽ አላምንም ነበር። ትናንት ጫማዬን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት።”

ንጋቷ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

“እሺ፣ ምን ልትነግሪኝ ነበር?”

8.

ንጋቷ፦